ካርድ ያላወጣሁላት ሴት

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ላይ ለተመራቂ ነርሶችና አዋላጆች እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ስለ መዝገብ አያያዝ፣ ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ ደንብ አወራሁ። እዚህ አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ። ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሳች። «ሲስተር፣ በእርስዎ ጊዜ አንዲት ሴት ብቻዋን መጥታ የሦስት ወር መርፌ ብትጠይቅ፣ ባሏ ሳይፈቅድ ይሰጧት ነበር?»

«አዎ፣ እሰጥ ነበር» አልኳት። አዳራሹ አጨበጨበ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል፣ በደብረ ሲና በኩል ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቤት የ6 ወር ልጅ አለኝ። ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳና ግቢውን ይሞላዋል። ከላይ፣ ከዋሻው በኩል፣ የከባድ መኪና ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። መድኃኒት የሚያመጣልን ሹፌር በዚያ ጉም ሲወርድ አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ከደብረ ብርሃን የገብስ ቆሎ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ነፍሱን ይማር።

ያልተጻፈ ደንብ ነበረን። ያገባች ሴት ለቤተሰብ ምጣኔ ስትመጣ ባሏን ይዛ ትምጣ የሚል። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ዓመት አልፎታል። አንቀጽ 35 ለሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ትዳር የሚዳኘው ግን ገና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር፤ እሱ የቤተሰቡ ራስ ባል ነው ይላል። ይህ በፌዴራል ደረጃ የተቀየረው የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ሲሻሻል ነው።

እኔ ደንቡን እጥስ ነበር። ሴቶቹ «ወገቤን አመመኝ» እያሉ ይመጣሉ፣ በዓይን እንግባባለን። ክኒን ቤት ውስጥ አይደበቅም፤ ከመሶብ ሥር ቢያኖሩት ልጅ ያወጣዋል። መርፌው ግን ክንድ ውስጥ ይቀራል፣ ሦስት ወር ማንም አያየውም። ካርዳቸውን ወደ ቤት አልሰጣቸውም፣ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፈዋለሁ። የቄስ ሚስት ሳትቀር ካርዷ እኔ ጋ ነበር። ለልጅቷ «አዎ» ያልኳት እነዚህን ሴቶች አስቤ ነው። ውሸት አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት መጣች። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ፣ ብቻዋን ተቀመጠች። ባለ እጅ ናት፣ ሸክላ ሠሪ። ውጭ ተቀመጪ ያላት የለም። አግዳሚው ላይ ብትቀመጥ ሌሎቹ እንደሚነሱ ታውቃለች። ቀድማ የመጣችው እሷ ነበረች፣ የገባችው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

«እመቤቴ፣ ያችን መርፌ ይስጡኝ» አለችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷ «እርስዎ» ትለኛለች፣ እኔ «አንቺ» እላታለሁ።

«ባልሽስ?» አልኳት።

በዚያ ሳምንት ማንንም እንዲህ ብዬ አልጠየቅኩም።

«እሱ አይሰማም። አፈሩን የምቆፍረው እኔ ነኝ፣ ገበያ የምሸከመውም እኔ። አራት ልጆች አሉኝ። ደግሜ ካረገዝኩ ማን ይሸከምልኛል?»

«ባልሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት።

አልለመነችኝም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ። መሽቷል፣ መድኃኒቱ አንሷል፣ ባል ቢመጣና ቢጣላስ። እውነቱ ሌላ ነው። መርፌውን ለመውጋት ክንዷን መያዝ ነበረብኝ። ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ ተምሬያለሁ፤ ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ እንደማትሆን አውቃለሁ። ያደግሁት ግን «ዓይኗን አትዪ» በምትል አያት እጅ ነው። ጡቴ ወተት ሞልቶት ነበር። ቤት ገብቼ ልጄን የማቅፍበት እጅ እሷን እንዳይነካ ፈራሁ። ነጭ ጋዎን ለብሼ፣ ይህን ፈራሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ገበያ ላይ አየኋት። ሆዷ ገፍቷል። ፊት ለፊቷ ጀበናና ምጣድ ደርድራለች። ከእሷ የሚገዙ ሰዎች ብሩን በእጇ አይሰጧትም፤ ሸክላው የተጠቀለለበት ጭድ ላይ ይጥሉታል። አንድ ጀበና ገዛሁ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነው የቀረብኳት። አፌ አልታዘዘልኝም። ብሩን እኔም ጭዱ ላይ አኖርኩት።

ሕግ የምታስተምር የወንድሜ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ኪምበርሌ ክሬንሾ አወራችኝ፤ ዘርና ጾታን በመሳሰሉ ነገሮች ተደራርቦ ለሚመጣ በደል እ.ኤ.አ. በ1989 «ኢንተርሴክሽናሊቲ» የሚለውን ቃል ስለሰጠችው አሜሪካዊት የሕግ ምሁር። ምሁሯ የምታነሳው አንድ ክስ አለ፤ አምስት ጥቁር ሴቶች ተበደልን ብለው የመኪና አምራቹን ጄኔራል ሞተርስን ከሰው ነበር። ፋብሪካው ጥቁር ወንዶችን ማምረቻው ውስጥ፣ ነጭ ሴቶችን ቢሮ ውስጥ ይቀጥራል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ዘርና ጾታን ደርባችሁ አትከሱም አላቸው። ጥቁርም ሴትም ስለተቀጠረ፣ ጥቁር ሴት የተበደለችበት ቦታ በሕጉ ዓይን ጠፋ።

እሷ ስታወራ የኔ መዝገብ ታየኝ። ማረሻ የሚሠራው ባለ እጅ ወባ ይዞት ሲመጣ ክኒኑን ሰጥቼዋለሁ። የገበሬ ሚስቶችን ባል ሳልጠይቅ መርፌ ወግቻለሁ። መዝገቡን ያገላበጠ ሰው ባለ እጅም ሴትም አልበደለችም ይለኛል። የባል ፈቃድ በሁሉም ሴት ፊት የታጠረ አጥር ነበር፤ አጥሩን የምከፍተው ግን ለጨዋዎቹ ብቻ ነው።

እናንተ ልጆች ቃሉን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፣ ፌስቡክ ላይ ስትሟገቱበት አያለሁ። ከዚያው ስልክ ላይ ጠቆር ያለውን ጓደኛችሁን «ባሪያ» ብላችሁ ትስቃላችሁ። ቀልድ ነው ትላላችሁ። ቀልድ አይደለም፣ ተዉት። ጋብቻ ሲነሳ «አጥንቷ ምንድን ነው?» የምትሉም አላችሁ፤ ይህ ከአያቶቻችሁ ሲመጣ ይገባኛል፣ ከእናንተ ሲመጣ ግን ያናድደኛል። ደግሞ ትሻሉናላችሁ። እኔ በእናንተ ዕድሜ እንደዚያች ልጅ ሰው ፊት ቆሜ አዛውንት አልጠየቅኩም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተደፍሬ ነው ያረገዝኩት ያለች ሴት ጽንሱን ለማቋረጥ ቃሏ በቂ ነው ይላል፤ አንቀጽ 552 ነው። ተረኛ ስትሆኑ ይህ በእጃችሁ ነው። የባንክ ሠራተኛዋን ቃል ቶሎ አምናችሁ፣ የቤት ሠራተኛዋን ሦስት ጊዜ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ለምን እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አዳራሹ ውስጥ ደንብ አክብሩ ብያችኋለሁ። የባል ፈቃድ ሳልጠይቅ ከወጋሁት መርፌ ግን አንዱም አይቆጨኝም።

ጀበናዋ እስከ ዛሬ አለችኝ። ጫፏ ተሸርፏል፣ ቡና ግን ይወጣባታል። የሠራቻትን ሴት ስም አላውቅም። ካርድ ባወጣላት ኖሮ እጽፈው ነበር።