አንድ ጆይስቲክ ለሁሉም ጌም አይሆንም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚጫወትበት የቁም ማሽን አሠርተህ ውስጡ ኮምፒውተር ልታስገባ ነው፤ ቴከንና ስትሪት ፋይተር የሚባሉት የፍልሚያ ጌሞች፣ ፓክማንና የአውሮፕላን ተኩስ ጌሞች ይኖሩታል፤ ሻጩ ደግሞ አንዱን ስቲክ (ጆይስቲክ) አንስቶ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ብሎሃል። እንዳትከፍል! ቀብድ ሰጥተህ ከሆነም ዛሬውኑ ደውልለት። እኔ ጌም ቤት አለኝ፣ በዚችው ቃል ብሬ ተበልቷል፤ ባንተ ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

1. ስቲኩን ገልብጠህ ሆዱን እየው። ሰው ሁሉ የላዩን ኳስ እያየ ቀለም ይመርጣል። ዋናው ነገር ያለው ከሥር ነው። ዱላው ወዴት ድረስ መሄድ እንደሚችል የሚወስን ፕላስቲክ አለ፣ ጌት ይሉታል። ጌቱ ካሬ ከሆነ ዱላው አራቱም ማዕዘን ድረስ ይገባል፣ ሰያፍ አቅጣጫው የት እንዳለ እጅህ ያውቀዋል። ስምንት ማዕዘን ከሆነ በየአቅጣጫው ትንሽ ያዝ ያደርግሃል። ክብ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይነካህ ይዞራል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የጃፓኑ ሳንዋ ኩባንያ ስቲክ፣ ጄኤልኤፍ የሚባለው፣ ካሬ ጌት ይዞ ነው የሚመጣው። ለስትሪት ፋይተር እኔ ከዚህ ሌላ አልመርጥም። ቀላል ነው፣ በሁለት ጣት ይታዘዛል፣ ሃዱከን የሚባለውን የኃይል ኳስ ለመልቀቅ ታች፣ ሰያፍ፣ ፊት ስትል አቅጣጫ አይዘልብህም። ብቻ ዱላውን ከጌቱ ጋር እያጋጨህ አትጫወት። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ እያደረጉ «ካሬ ጥሩ አይደለም» ይሉኛል፤ እጃቸው ሲለሰልስ ራሳቸው ይተዉታል።

2. ፓክማን ሌላ ዓለም ነው፤ ክቡን ፍጥረት በጠባብ መንገዶች እያስኬድክ ከሚያሳድዱት መናፍስት ታስመልጠዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ የተሠራው ለአራት አቅጣጫ ዱላ ነው። በ1981 የመጣው ዶንኪ ኮንግም እንደዚያው። ስምንት አቅጣጫ በሚሰጥ ስቲክ ስትጫወተው መታጠፊያው ላይ እጅህ ትንሽ ወደ ሰያፍ ካዘነበለ ማሽኑ «ቀኝ» እና «ላይ» የሚለውን አንድ ላይ ይሰማል። ፓክማን ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መንፈሱ ከኋላ ደርሶ ይበላዋል። የኔ ደንበኞች «ማሽንህ ተበላሽቷል» ብለው ብራቸውን ይጠይቁኝ ነበር። ማሽኑ ምንም አልሆነም! መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጄኤልኤፍን ጌት ፈተህ አዙረህ ስትገጥመው ሰያፎቹ ይዘጋሉ፣ ባለ አራት አቅጣጫ ይሆናል። ጌት የሚቀየርለት ስቲክ ግዛ የምልህ ለዚህ ነው። ሻጩ የማይነቀል ጌት ያለው ካመጣልህ ባለበት ይቀመጥ።

3. ቴከን። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ፣ ምክንያቱም ደንበኛ ይዞ የሚቆይልህ ይሄ ነው። ለቴከን የኮሪያ ስቲክ የሚባል አለ። ዱላውን ወደ መሐል የሚመልሰው ስፕሪንግ ሳይሆን ወፍራም ጎማ ነው፣ ዙሪያውም ክብ ነው። ለቀቅ ስታደርገው በቅጽበት መሐል ላይ ይቆማል። ቴከን ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ካዙያ የሚባለውን የቴከን ተፋላሚ «ኤሌክትሪክ» ቡጢ የምታውቀው ከሆነ፦ ፊት፣ መልቀቅ፣ ታች፣ ከዚያ ታች-ፊት እና ቡጢው እኩል። «እኩል» ስልህ ከሰከንድ 60ኛ እጅ ውስጥ ነው። ዱላው መሐል ላይ እየተወዛወዘ ከቆየ ያቺ «መልቀቅ» ትጠፋለች፣ ተራ ቡጢ ይወጣልሃል። ወደኋላ እየተንሸራተቱ የሚያፈገፍጉባት የኮሪያ ተጫዋቾች አካሄድም በጎማው ላይ ነው የምታምረው። አሁን እኔ ቤት አንድ ልጅ አለ፣ ትምህርት ቤት እንደተለቀቀ ቦርሳውን ጥግ ላይ ጥሎ ያቺን ስቲክ ይይዛል፤ ሲያፈገፍግ የእጁ አንጓ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ትከሻው ንቅንቅ አይልም። ከሌላ ሰፈር ድረስ ሊገጥሙት ይመጣሉ። ስቲኩን ፈልጌ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እኮራለሁ።

ግን እዚያ ከመድረሴ በፊት የሆነውን ልንገርህ። ማሽኑን ሳሠራ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። «ኦሪጅናል ጃፓን፣ ለቴከንም ለፓክማንም ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ማለልኝ። ለሁሉም ማሽኖቼ የሚበቃ ገዛሁ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው «ላይ» ማለት እምቢ አለ። በካቻቪቴ ፈትቼ ሳየው የማይክሮስዊቹ (ዱላው ሲነካው አቅጣጫውን ለማሽኑ የሚነግረው ትንሽ ማብሪያ) ምላስ ተጣሟል፣ ስፕሪንጉ ደግሞ የእስክሪብቶ ስፕሪንግ ያህል ቀጭን ነው። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ደረሰኜን ይዤ ተመለስኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፤ ስልኩን እየነካካ በጣቱ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆመኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። የተሰበረውን አውጥቼ ባሳየው «አጠቃቀም ነው» አለኝ። ጌም ቤት መሆኑን ነግሬው፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ እንደሚመቱት አስረድቼው የገዛሁት ዕቃ ነው እኮ! ያ ንግግሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከብሩ በላይ ደንበኞቼን ነው ያሳጣኝ፤ ማሽን ቆሞ የሚያይ ልጅ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፣ ለመመለስም ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ሱቁ ውስጥ እያለህ ይሄን አድርግ። ዱላውን እስከ ጫፍ ጎትተህ በድንገት ልቀቀው፤ ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘ ተወው። ቀስ ብለህ በስምንቱም አቅጣጫ ግፋው፤ የማይክሮስዊቹ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ በሁሉም በኩል እኩል መምጣት አለበት። «እዚህ አይፈታም» ካለህ ውጣ። እኔ በኋላ ትክክለኛውን ያገኘሁት ዱባይ ባለ ዘመዴ በኩል በሻንጣ ነው።

4. የአውሮፕላን ተኩስ። ሰማዩ ሁሉ ጥይት በሆነበት ጌም የምትፈልገው ትንሽ ገፋ ስታደርገው ወዲያው የሚሰማ ዱላ ነው። ለዚህ ሴይሚትሱ ኤልኤስ-32 የሚባለው ሌላው የጃፓን ስቲክ ይሻላል። ከሳንዋው ትንሽ ጠጠር ይላል፣ መንገዱም አጭር ነው። ኮሪያውን እዚህ ላይ አትሞክረው፣ ጎማው እጅ ያደክማል።

የአሜሪካኖቹ ሃፕ የሚባለው ስቲክ፣ እጀታው ረዘም ያለው፣ ጠንካራ ነው፣ ድብደባ ይችላል። የተሠራው ለወፍራም እንጨት ነው። ማሽንህን በወፍራም ኮምፔንሳቶ ካሠራኸው ይመቸዋል፤ ጄኤልኤፍን ግን እንደዚያው ብትገጥመው ዱላው አጥሮ ይቀርብሃል። ለጃፓኖቹ ላዩን ላሜራ አድርግ፣ ወይም አናጺው እንጨቱን ከሥር ይፈልፍለው። የበተን (የሚጫኑት ቁልፍ) ቀዳዳም ለየቅል ነው፦ የጃፓኖቹ 30 ሚሊሜትር፣ የአሜሪካኖቹ ወደ 28። በተኑን ሳትይዝ አናጺ በትራፓኖ እንዳይበሳብህ፤ የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም።

ኳስ ጌም ልትጨምር ካሰብክ ፓድ (በሁለት እጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ) ለብቻ አዘጋጅ። እነዚህ ዱላዎች ስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቁት፣ በቀስታ መሮጥና በፍጥነት መሮጥ አይለዩም። ፓድ ለፍልሚያ አይሆንም የሚሉህንም አትስማ፤ ፈረንሳዊው ተጫዋች ሉፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቮ የሚባለውን ትልቅ የፍልሚያ ጌሞች ውድድር በስትሪት ፋይተር ያሸነፈው በፕሌይስቴሽን 1 ፓድ ነው። ስቲክ የምንገዛው ስለሚጥም፣ ማሽን ላይም ስለሚያምር፣ የልጅ እጅም ስለሚችል ነው።

የቀረው ስቲኩንና በተኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ቦርድ ነው። «ዜሮ ዲሌይ» (ምንም አይዘገይም ማለት ነው) ተብሎ የሚሸጠው ርካሹ የዩኤስቢ ቦርድ ስሙ እንደሚለው አይደለም፣ ግን ለኮምፒውተርና ለድሮ ጌሞች ይሠራል። ነገ ፕሌይስቴሽን 5 ልሰካ ካልክ ግን በቀጥታ አይቀበለውም፣ ብሩክ የሚባለው ዓይነት ቦርድ ያስፈልግሃል፣ እሱም ውድ ነው። አንተ ኮምፒውተር ስላልክ በርካሹ ጀምር፣ ያተረፍከውን ብር ስቲኩ ላይ ጨምር።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ሁለት ጄኤልኤፍ ለዋናው ማሽን፣ ብር ከተረፈ ለቴከን ብቻ የሚሆኑ ሁለት የኮሪያ ስቲኮች ለብቻ በሣጥን እገጥም ነበር። ሻጩ የያዘውን ከሥሩ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፤ ጌቱን፣ ስፕሪንጉንና የሽቦ መሰኪያውን አይቼ ግዛ ወይም ተው እልሃለሁ። ማታ ጌም ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ነው ስልክ የማየው፣ እስከዚያ ብርህን ኪስህ ውስጥ ያዘው።