«በሽታው ነው» ካለ በኋላስ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ባይፖላር የሚሉት፣ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ካወቅን ቆይተናል። ረመዳን ላይ መድኃኒቱን አቋረጠና እንቅልፍ አጣ። እናቴ ቡና ሸጣ ያስቀመጠችውን ብር ወስዶ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ አደለው። ሂርማታ ገበያም የአንድ ነጋዴ የመስታወት መደርደሪያ ሰበረ። አሁን ታክሞ ሥራ ጀምሯል። ስለ ዕዳው ሳነሳበት ግን «በሽታው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይለኛል። እናቴም «ተይው፣ ይብስበታል» ትላለች። የመስታወቱን ከደሞዜ የምከፍለው እኔ ነኝ። ራሱ ይክፈል ማለቴ ጭካኔ ነው?
(ከቦሳ ኪቶ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጭካኔ አይደለም። ወንድምሽም አልዋሸሽም። ማኒያ፣ ማለትም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍ የሚልበት የሕመሙ ጊዜ፣ ሲነሳበት ሰው ሁለት ሰዓት ተኝቶ በሙሉ ጉልበት ይነሳል፣ ገንዘብ የማያልቅ ይመስለዋል፣ መታመሙንም አያምንም። ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ካገገሙ በኋላ አቀርቅረው «ምን አድርጌ ነበር?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጎረቤት «አውቆ ነው» ቢልሽ አትስሚ፤ ሌባም አትበይው።

ዕዳው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕጋችንም ለይቶታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48፣ በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን መረዳት ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለን ሰው አይቀጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2030 ግን ጥፋትን ሲመዝን በመርሕ ደረጃ የአእምሮን ሁኔታ አይመለከትም። ዳኛ ካሳውን ሊቀንስ ይችላል፤ ሆኖም መስታወት የተሰበረበት ሰው መካስ አለበት። ይህ ልክ ይመስለኛል። ነጋዴውም ልጆች ያሳድጋል።

ከባጃጁ ገቢ የሚችለውን ያህል በየሳምንቱ ራሱ ወስዶ ይስጥ። አንቺ ስትከፍይለት ነጋዴው የሚያስታውሰው ያን የታመመ ቀን ብቻ ነው፤ እሱ ሲሄድ ግን ጨዋውን ልጅ ያየዋል። አንድ ነገር አደራ፦ ከማኒያ በኋላ ድብርት ሊከተል ይችላል። ምግብ ካስጠላው፣ ከሰው ከሸሸ ዕዳው ይቆይ። ስለ ሞት ካወራ ደግሞ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የረመዳኑ ነው። መድኃኒቱን ሲያቆም ደህና ነበር፤ ያኔ ውሳኔው በእጁ ነበር። ግን ሳትቆጪ ለምን እንዳቆመ ጠይቂው። እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆን? ወፍሮ ይሆን? ለፆም ብሎ ከሆነ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያና ሱሁር ሊያዛውርለት ይችላል፤ በሽተኛ እንዳይፆምም ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዷል። ጫት ከቃመም ያቁም። ጅማ ላይ ይህን ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ማኒያውን ይቀሰቅሰዋል።

አሁን ደህና ሳለ ወረቀት ላይ ተስማሙ። ሁለት ሌሊት በተከታታይ እንቅልፍ ካጣ ብሩን ማን ይይዝለታል? ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ማን ይወስደዋል? በእጁ ይጻፈው። የባጃጁን ቁልፍ ለማን እንደሚያስረክብም ራሱ ይምረጥ።