ስኳቱ 90 ኪሎ ላይ ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው። ክብደቴ 68 ኪሎ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሥራ ስወጣ ብረት መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር አልፎኛል። መጀመሪያ በሄድኩ ቁጥር እጨምር ነበር፤ አሁን ግን ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) 90 ኪሎን በ3 ዙር አምስት አምስት ጊዜ ጨርሼ ወደ 95 ስሻገር ሦስተኛው ላይ እቀራለሁ። ሁለት ጊዜ ወደ 80 ዝቅ ብዬ ብመለስም እዚያው ቆምኩ። ቤንችም (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) 60 ላይ ተቸክሏል፤ የሚጨምረው ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት ማንሳት) ብቻ ነው። በጂማችን ትንሹ ዲስክ 2.5 ኪሎ ሲሆን፣ ማታ ሰው ስለሚበዛ በዙሮች መካከል ከአንድ ደቂቃ በላይ አላርፍም። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ጓደኞቼ «ዱቄት ካልጠጣህ አታልፍም» ይሉኛል። እውነት ነው? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እውነት አይደለም። ዱቄቱ ፕሮቲን ነው፣ ምግብ ማለት ነው። ለእርስዎ ክብደት በቀን 110 ግራም ገደማ ፕሮቲን በቂ ሲሆን፣ 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ግራም ያህል፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ያህል ስለሚሰጥ፣ በጾሙ ቀን ሽሮና ምስሩን፣ በፍስኩ ቀን እንቁላልና ወተቱን ካበዙ ገንዘብዎን መቆጠብ ይችላሉ።

ጀማሪነትዎ አልቋል ከማለቴ በፊት ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች አየሁ። የመጀመሪያው ዕረፍቱ ነው፤ ከባድ ስኳት ሠርቶ በአንድ ደቂቃ መመለስ ጉልበት ሳይሞላ መግባት ስለሆነ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር ተራ በተራ እየሠራችሁም ቢሆን ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይረፉ። ሁለተኛው ዝላዩ ነው። በሁለቱም ጎን 2.5 ሲጨምሩ 5 ኪሎ ይሆናል፤ ይህ ለስኳትዎ ከመቶ 5.5፣ ለቤንችዎ ግን ከመቶ 8 በላይ ነው። ሁለት ትናንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ይስፉ፤ አሸዋ ሞልተው በባለሱቁ ሚዛን እያንዳንዱን አንድ ኪሎ ከሩብ ያድርጉና እንዳይወዛወዙ ከዲስኩ አጠገብ ባሩ ላይ አጥብቀው ይሰሯቸው። ሰው ይስቅብዎ ይሆናል፤ 2.5 ኪሎ ግን 2.5 ኪሎ ነው። ለቤንች ግማሽ ግማሽ ኪሎ የያዙ ሌላ ሁለት ቢኖርዎ ደግሞ የተሻለ ነው።

በዚህም ካልተነቃነቀ በእርግጥ ወደ መካከለኛው ደረጃ ደርሰዋል ማለት ነው። የጀማሪ ሰውነት በአንዱ ልምምድ ከደረሰበት ጫና በ48 ሰዓት ውስጥ አገግሞ ጠንክሮ ይመለሳል፤ እየበረቱ ሲሄዱ ግን ሰውነትን ለለውጥ የሚያነሳሳው ጫና ራሱ ስለሚከብድ ሁለት ቀን አይበቃውም። ስለዚህ ጭማሪው በየልምምዱ መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ ይሁን። ሰኞ 80 ኪሎን በ5 ዙር አምስት አምስት ጊዜ ይሥሩ፤ የሳምንቱ ብዙ ሥራ ይህ ነው። ረቡዕ 65 ኪሎን በ2 ዙር ብቻ አንስተው ይውጡ፤ ቀኑ ቀላል ስለሆነ ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ከባዱን ቀን ግን ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ቢያዛውሩት እመርጣለሁ፤ በልተው 92.5 ኪሎን በአንድ ዙር አምስት ጊዜ ያንሱ፤ ከተሳካ በሚቀጥለው ቅዳሜ 95 ይሞክሩ። ሰኞም በተመሳሳይ መጠን ይጨምራል፤ የሰኞው ሥራ ሲከብድና ቅዳሜ ደክመው ሲመጡ ከሰኞው አንድ ዙር ይቀንሱ እንጂ ቅዳሜን አይንኩ። ረመዳንን የሚጾሙ አንባቢዎች በወሩ ውስጥ ጭማሪውን ቢያቆሙትና ያለውን ቢይዙ ይሻላቸዋል።

ቤንቹንም በዚሁ አካሄድ ይሥሩት። ዴድሊፍቱ ገና እየጨመረ ስለሆነ ግን ወደ አዲሱ ሥርዓት አያስገቡት፤ ቅዳሜ ከስኳቱ በኋላ አንድ ዙር አምስት ጊዜ ይሥሩና እስኪቆም ድረስ እንደ ጀማሪ ይጨምሩበት።