የቀን መቀየሪያ ትእዛዝ ሠርቶ ማሳተም፦ ጥያቄና መልስ

የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይር ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቼ፣ የፓይተን ፕሮግራሞች ለሁሉ በሚታተሙበት ድረ ገጽ፣ ፓይፒአይ ላይ፣ አውጥቻለሁ። የራሷ መስኮትም አዝራርም የላትም፤ ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ስሟንና ቀኑን መጻፍ ብቻ ነው። ስለ አሠራሯ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ከምን ልጀምር?

ለፕሮጀክቱ ብቻ የሚሆን ቬንቭ፣ ማለትም ከሌላው የተለየ የፓይተን መሥሪያ ቦታ፣ ፍጠር። ከዚያ የፕሮጀክቱ መግለጫ በሆነው ፓይፕሮጀክት ዶት ቶምል ፋይል ላይ ስሙን፣ የእትም ቁጥሩንና ትእዛዙ የሚጠራውን ፈንክሽን (ሥራውን የሚሠራውን የኮድ ክፍል) ጻፍ። ኮዱን ኤስአርሲ በሚባል ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው። አለዚያ ኮዱን ለማረጋገጥ የምትጽፈው ፈተና የተጫነውን ትቶ አጠገቡ ያለውን ኮድ ያነብና፣ ፋይል ጎድሎ እንኳ ሁሉም አልፏል ይልሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዛሬን ቀን ሰጥቼው በትክክል ከመለሰ አይበቃም?

አይበቃም ልጄ፤ ስሕተት የሚደበቀው ዳር ዳሩን ነው። የእኔ የመጀመሪያ ኮድ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ያውለው ነበር። 2015 ዓ.ም. ግን ጳጉሜ 6 ስለነበረው የ2016 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ይህን አስተካክዬ የዓድዋን ቀን፣ ማርች 1 ቀን 1896ን፣ ሰጠሁት። የካቲት 23 ማለት ሲገባው የካቲት 22 አለኝ! ለካ ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉም፤ የእኛ ጳጉሜ 6 ግን በየአራት ዓመቱ ሳታቋርጥ ትመጣለች። ልዩነቱ በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ሰፋ፤ ዛሬ ዓድዋን ማርች 2 ላይ የምናከብረውም ለዚህ ነው። ሁለቱም ቀኖች አሁን ኮድን በሚፈትነው መሣሪያ፣ በፓይቴስት፣ ተጽፈዋል፤ ኮዱን በነካሁ ቁጥር አስፈትናቸዋለሁ።

የሌለ ቀንም ስጠው፤ ፌብሩዋሪ 30ን ለምሳሌ። መልእክቱ ከውጤቱ በተለየው በስሕተት መውጫ በኩል ይውጣ፣ ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚተወው ቁጥር፣ የመዝጊያ ኮዱም፣ ዜሮ አይሁን፤ ዜሮ ማለት ተሳክቷል ማለት ነው። ትእዛዝህን የሚጠራ ሌላ ፕሮግራም መሳሳቱን የሚያውቀው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይ ውጤቱን ወደ ፋይል ሳዞረው «መስከረም» ላይ ሲደርስ ይቆምብኛል።

እኅቴ፣ ይህ ብዙ ሰው ያስቸግራል። ተርሚናሉ ላይ ፓይተን ፊደላችንን በትክክል ያወጣል። ወደ ፋይል ሲዞር ግን አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስን የቆየ የፊደል ሠንጠረዥ ይይዛል፤ እዚያ ውስጥ ግዕዝ የለም። ፕሮግራሙ ሲነሣ ሪኮንፊገር በሚባለው የፓይተን ትእዛዝ መውጫውን ግዕዝን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት ወደሚይዘው ዩቲኤፍ 8 ቀይሪው፤ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ አለ። ተጠቃሚውን ኮምፒውተርህን አስተካክል አትበይው። በፊደሉ እንዲጽፍ የማድረግ ኃላፊነት የሠሪው ነው።

ጥያቄ፦ ባሳተምኩ በአምስት ደቂቃ ስሕተት አገኘሁ። ሰርዤ በዚያው ቁጥር ልመልሰው?

አይቻልም። ፓይፒአይ አንዴ የተሰቀለን የፋይል ስም፣ ቢሰረዝም፣ ዳግም አይቀበልም። 0.1.1 ብለህ አዲስ አውጣ፤ የተበላሸውን «ያንክ» አድርገው፤ ማለትም ሳይሰረዝ ከምርጫ ይውጣ። አዲስ ጫኚ አይደርሰውም፤ ቁጥሩን ጠቅሶ ለሚጭን ግን ይቆይለታል። ሁለተኛ ጊዜ መጀመሪያ የፓይፒአይ መለማመጃ በሆነው ቴስትፓይፒአይ ላይ ስቀል፤ አካውንቱ የተለየ ነው። ከዚያ በአዲስ ቬንቭ ጭነህ ትእዛዙን ራስህ ጥራው።

ጥያቄ፦ የፈቃድ ፋይል ግድ ነው?

አዎ። ያለ ፈቃድ ኮዱን ማየት ይቻላል እንጂ ወስዶ ማሻሻልና ማከፋፈል አይፈቀድም። እኔ ኤምአይቲ የሚባለውን ፈቃድ መርጫለሁ፤ አጭር ናት።