ፖርት «ይጣመራል» ወይስ «ይዋሐዳል»?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። የሰርቨራችንን ሁለት የኔትወርክ ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) አንድ ላይ አድርገን መስመሩን አሰፋነው። መመሪያ ስጽፍ «ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ፖርቶቹን ማዋሐድ» አልኩ። አለቃዬ ደግሞ «ማጣመር በል» አሉኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አለቃዎ ልክ ናቸው።

የተዋሐደ ነገር በቀላሉ አይለያይም። ማኪያቶ አዘው ወተቱን ከቡናው መልሰው ማውጣት አይችሉም። የተጣመረ ነገር ግን እያንዳንዱ ራሱን እንደቻለ ነው። «ብረት ድስት» የሚለውን ጥምር ቃል ይዩት። ብረቱም አለ፣ ድስቱም አለ። ፖርቶቹም እንደዚያው ናቸው። አንዱን ኬብል ቢነቅሉት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአይትሪፕልኢ (የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) ደንብ ይህን አሠራር «ሊንክ አግሪጌሽን» ብሎታል። «አግሪጌሽን» ሥሩ ላቲን ነው፤ «መንጋ» ከሚል ቃል የመጣ። ይህ ሥር በጣም ደስ ይለኛል። በግ መንጋ ውስጥ ቢገባም ያው በግ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ» ያሉት ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ፋይል ሲገለበጥ የሚሄደው በአንዱ ኬብል ብቻ ነው። ፖርቶቹ ባለ 1 ጊጋቢት ከሆኑ ኮምፒውተሩ 2 ጊጋቢት ብሎ ሊያሳይዎት ይችላል። ፋይሉ ግን በሰከንድ ከ1 ጊጋቢት፣ ማለትም ከ125 ሜጋባይት (8 ቢት 1 ባይት ነው) አያልፍም። ጥቅሙ የሚታየው ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ ከሰርቨሩ ፋይል መጎተት ሲጀምር ነው። ያኔ ገሚሱ በዚህኛው፣ ገሚሱ በዚያኛው ኬብል ይሄዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። ሸክሙን ተከፋፈሉት እንጂ አንዷን ሎሚ ለሁለት አልተሸከሟትም። ስለዚህ «ፍጥነት» የሚለውን አውጥተው «አቅም» ይበሉ። አለዚያ አንዱ ሠራተኛ ፋይሉ እንደ ድሮው ሲሄድበት «አልሠራም እኮ!» ብሎ ይደውልልዎታል።

«ማጥመድ» የሚሉም አሉ። እሱም አይሆንም። ጥማድ በሬዎች አንድ ሞፈር አብረው ነው የሚጎትቱት፤ ፖርቶቹ ግን እንዲያ አይሠሩም።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ የኮምፒውተር ቤት ልጆች «ቦንድ አድርገው» ይላሉ። በንግግር አይከፋም። በጽሑፍ ግን ቦንድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሕዳሴ ግድብ ቦንዱ ነው። «ፖርት» የሚለውን ደግሞ አይንኩት። «ወደብ» ካሉት ሐሳብ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል።

እኔ ብሆን መመሪያውን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የመስመሩን አቅም ለማስፋት የሰርቨሩን ሁለት ፖርቶች ያጣምሩ። ኬብሎቹ የተሰኩባቸውን የስዊቹን (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ሣጥን) ፖርቶችም እንዲሁ ያጣምሩ።»