መንጃ ፈቃድህን ሲመረምሩ ምን ያገኛሉ?

ጥያቄህን አሳጥሬ ላስቀምጠው። የደሴ ልጅ ነህ፤ በአንድ ግለሰብ የጭነት መኪና ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርገህ ጅቡቲ ስትመላለስ ቆይተሃል። ሁለት ጊዜ በፍጥነት ተቀጥተሃል። አንድ ጊዜ ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ የቆመ ባጃጅ ገጭተህ፣ ሰው ሳይጎዳ ነገሩ በሽማግሌ አልቋል። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ ላለ ፋብሪካ በሹፌርነት ልታመለክት ነውና «ምኑን ያዩብኛል? የማያዩትንስ ብደብቅ?» ብለሃል።

አብሽር፤ በወረቀት የሚያዩት ከምትፈራው ያነሰ ነው።

መጀመሪያ የሚያጣሩት ጥፋትህን ሳይሆን ካርዱን ነው። ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ ስላስቸገረ፣ ጠንቃቃ ድርጅት ቅጂውን አያይዞ ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ይጽፋል፤ እውነተኛ ነው? ምድቡ ምንድን ነው? ጊዜው አላለፈም? አልታገደም? ምድቡ ላይ ድርድር የለም። ምድቡ በማይፈቅድለት መኪና አደጋ ያደረሰ ሹፌር የድርጅቱን የኢንሹራንስ ካሳ ገደል ሊከት ይችላል።

ቅጣቶቹስ? ገንዘቡን መክፈልህ ሪከርዱን አያጠፋውም። ጥፋቱ በነጥብ ይያዛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃድ ያሳግዳል። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት ራስህ ሄደህ የተመዘገበብህን ጠይቅ። በእኔ ግምት በጅቡቲ መስመር ሁለት የፍጥነት ቅጣት የስምሪት ኃላፊን አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው «ተቀጥቼ አላውቅም» ብለህ መገኘትህ ነው።

ባጃጁን በተመለከተ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የአደጋውን ፕላን (ንድፍ) አንሥቶ ከሆነ ሽማግሌ ቢጨርሰውም ወረቀቱ ፖሊስ ዘንድ አለ። ፋብሪካው ግን የፖሊስን መዝገብ እንደ ፈለገ አይገልጥም። ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ ቢጠይቁህም ይህ በቸልተኝነት ሰው ገድሎ ወይም አቁስሎ የተፈረደበትን ያስጨንቅ እንጂ አንተ አልተከሰስህም። በማመልከቻ ቅጹ ላይ መረጃህን ከሌላ ቦታ እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ዐረፍተ ነገር ካለ አንብበህ ፈርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ስለ መረጃህ የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል።

የሚያሰጋህ ሌላ ነው፤ ስልክ። በኮምቦልቻ የመኪና ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። የስምሪት ኃላፊው የቀድሞ ባለመኪናህን ባያውቃቸው የሚያውቃቸውን ያውቃል። መኪናው ጂፒኤስ ከነበረው የት እንደ ቆምህና በስንት እንደ ነዳህ ሳይቀር ባለመኪናው ዐይተውታል። ዋስ አምጣ ስትባልም ዋስህ ከመፈረሙ በፊት ይጠያይቃል። ይህን ሁሉ የትኛውም መዝገብ አይነግራቸውም፤ ሰው ግን ይነግራቸዋል።

የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዘህ ሂድ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪህ የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ባጃጁ እዚያ ላይ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ነገር የለም።

አደጋውን በማመልከቻ ደብዳቤህ ላይ አታንሣው። ቅጹ ላይ ከተጠየቀ ጻፈው፤ በቃል ሲጠይቁህ ደግሞ ሳታንዛዛ ተናገር፦ «ሐረጎን ስወርድ የቆመ ባጃጅ ገጭቻለሁ። ሰው አልተጎዳም፤ ለባለቤቱ ካሳ ተከፍሎ በስምምነት አልቋል። አሁን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ።» የመጨረሻውን የምትለው እውነት ከሆነ ብቻ ነው፤ ሐረጎን የነዳ ሰው እያወራህ ማርሽህን ይቆጥራል። «ፍሬን ከዳኝ» ግን ከአፍህ አይውጣ። ሹፌር ሁሉ የሚለው ነውና ቀጣዩ ጥያቄ «ከመነሣትህ በፊት አላየኸውም ነበር?» ይሆናል፤ ለዚያ መልስ የለህም።

ብትደብቅና ብትቀጠርስ? የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ ለሥራው አልተስማማህም ከተባልህ ያለ ማስጠንቀቂያ ትሰናበታለህ። ያ ስልክ እስከዚያ መደወሉ አይቀርም።

ስለዚህ ነገ ለባለመኪናው አንተው ቀድመህ ደውልላቸው። የት እንደምታመለክት ንገራቸው፤ ስልካቸውን ለምስክርነት ልትሰጥ እንደሆነ አስፈቅድ፤ ስለ ባጃጁም ምን ብለህ እንደምትናገር አስቀድመህ አሰማቸው። ቅር ያላቸው ነገር ካለ ለኃላፊው ሳይሆን ለአንተ ይናገሩ።