ካፌ ልንከፍት ነው ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ወርክሾፔ መጥታ ያገለገለ ባለ ሁለት ግሩፕ (በሁለት በኩል ቡና የሚያወጣ) የቡና ማሽን ዋጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ብዙም አልደነገጠችም፤ ሌላ ቦታ ጠይቃ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ልትከፍት ያሰበችውን ካፌ አሳየችኝ። በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው። የእንጨት መደርደሪያ፣ መጻሕፍት፣ ለስለስ ያለ ቢጫ መብራት፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ሐረግ። ያምራል። ሰው ግን አልነበረበትም። ልትወጣ ስትል ዘወር ብላ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይከፍቱ ነበር?» አለችኝ።

«እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘኋት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ የቡና ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ባንኮኒ ጀርባ ተንበርክኬ ነው። ደንበኛ የካፌን ፊት ያያል፤ እኔ የማውቀው ጓዳውን ነው። የወተት ሒሳብ ያልተከፈለው ሰውዬ በር ላይ ሲጮህ እኔ ከማሽኑ ሥር ሆኜ እሰማለሁ። ስለዚህ ለልጅቷ ብዙ መልስ ነበረኝ። ያላስተኛኝ ግን የእህቴ ካፌ ነው።

እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ነው የተመለሰችው። አሠሪዋ ጠዋት ጠዋት ካፌ ገብታ ቡና ስትጠጣ፣ እሷ የሴትየዋን ሕፃን አቅፋ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። በመስታወት ታያለች። የካፌ ሐሳብ እዚያ ነው የገባባት። በ2002 ዓ.ም ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ቢሮ የበዛበት ፎቅ ሥር አንድ ቤት ተከራየች። ቤቱ ባዶ ነበር። ባዶ ስላችሁ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ቧንቧ የለው፣ የመብራት መስመር የለው። ሴራሚኩን አስነጠፈች። ኮርኒሱን አሠራች። መጸዳጃ ቤቱን፣ የውሃ ታንከሩን፣ ለማሽኑ የሚሆነውን መስመር ሁሉ እሷ አስገባች። ማሽኑን እኔ ነኝ የፈለግኩላት። የጣሊያን አሮጌ ማሽን ነበር። ሙሉ በሙሉ ፈትቼ የቦይለሩን ደለል አጥቤ፣ ሬዚስታንሱን (ውሃ የሚያሞቀውን ብረት) ቀይሬ፣ አዲስ አስመስዬ ተከልኩላት። በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቅኩለት ማሽን የለም።

ቤቱ ሞላ። እውነቴን ነው፣ በወር ውስጥ ሞላ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ቁጭ የሚባልበት አይገኝም። ፉል፣ ዕንቁላል ሳንድዊች፣ ቦንቦሊኖ። ማኪያቶ ገና ከአሥር ብር በታች ነበር። እህቴ ከባንኮኒ ኋላ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ስትስቅ ሳያት፣ ቤይሩት የቆመችበት ደጃፍ ከልቤ ጠፋ።

በ2003 ዓ.ም መንግሥት የዋጋ ጣሪያ ያወጣ ጊዜ ስኳር ከገበያ ድራሹ ጠፋ። የስኳር ዕቃውን ከጠረጴዛ ላይ አነሳን። አንድ ደንበኛችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስኳራቸውን በወረቀት ጠቅልለው በኮታቸው ኪስ ይዘው ይመጡ ነበር። ቡናውን ይገዛሉ፣ ስኳሩን ከኪሳቸው አውጥተው ይጨምራሉ፣ የተረፈውን መልሰው ይጠቀልላሉ። ለአስተናጋጇም አንዳንዴ ያካፍሏታል። እንደዚህ ዓይነት ደንበኛ ዛሬ ከየት ይመጣል?

ከዚያ «ዶክተሩ» መጣ። ስሙን አናውቀውም፤ ያወጣንለት እኛ ነን። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ባንኮኒው በደንብ የሚታይበት ጥግ ላይ ይቀመጣል። ሻይ ያዝዛል። ደብተር አውጥቶ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ጠዋት ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላም አለ። «ፈተና ደርሶበት ነው» አለች እህቴ። አስተናጋጇ የተረፈ ቦንቦሊኖ በነፃ ትሰጠዋለች። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ሻማ አምጥታ አጠገቡ አቆመችለት። ልጁም ጨዋ ነው፤ ቀና ብሎ እያመሰገነ ይበላል።

የኪራይ ውሉ የሁለት ዓመት ነበር። ሲያልቅ የቤቱ ባለቤት መጡ። እጃቸው ላይ የያዙትን ደብተር ሳይ አወቅኩት። የዶክተሩ ደብተር ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ማኪያቶ፣ ሻይ፣ ምግብ ተብሎ በመስመር ተከፍሏል። ከሥሩ በአምስት በአምስት የታሰሩ ጭረቶች። ገጽ ሙሉ ጭረት። ለካ ልጁ የእህታቸው ልጅ ነው። ስኒ ሲቆጥር ነው የከረመው።

ጭረቱን በዋጋው አባዝተው መጥተዋል። «እናንተ በእኔ ቤት ሀብታም ሆናችኋል» አሉ። ኪራዩ ከእጥፍ በላይ ተጨመረ። እህቴ የወተቱን፣ የደመወዙን፣ የጀነሬተሩን ነዳጅ ልታስረዳቸው ሞከረች። ደብተሩ ላይ ስለ ወተት አንድም ጭረት የለም። መብራት ስለጠፋባቸው ቀናትም የለም። ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌዎቹን ቡና አጠጥተው መለሷቸው፤ ያውም በእኛው ካፌ፣ በእኛው ሒሳብ።

ዕቃ ባወጣንበት ቀን እህቴ መዶሻና መሮ ይዛ መጣች። «ሴራሚኬን ነቅዬ እወስዳለሁ» አለች። ተይ አልኳት፣ አልሰማ አለች። አንዱን መታችው፣ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። የቤይሩቱ ገንዘብ እዚያ ወለልና ግድግዳ ውስጥ ነው የቀረው። ማሽንና ወንበር ይሸጣል። ኮርኒስ፣ የቧንቧ መስመር፣ ቀለም ግን ማንም አይገዛችሁም። በ2005 ዓ.ም ዱባይ ሄደች። እስካሁን እዚያው ናት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሥራው ከስሮ ቢሆን እሺ። ሥራው ሞልቶ ነው የተባረረችው።

ቤቱን ማን የያዘው ይመስላችኋል? ዶክተሩ! አጎቱ ካፌ አስከፈቱት። አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ፤ ማሽን ተበላሽቷል ተባልኩ። ስደርስ እሱ ነው። አፈረ። እኔም አፈርኩ። ውሃ ጠፍቶ ማሽኑን ሳያጠፋ ትቶት ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል። ስሠራለት አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «ጋሼ፣ ሰው አለ፣ ሥራ አለ፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ነው ያልገባኝ» አለኝ። የወተት፣ የስኳር፣ የሚሰበር ስኒ፣ የምንም ደብተር አልነበረውም። ሳቄ መጣ፤ ግን ልጁ ሊያለቅስ ደርሷል። ያገኘሁትን ያህል አስረዳሁት። ዓመት አልሞላውም፣ ዘጋ። ቤቱ ዛሬ የስልክ መሸጫ ነው።

ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ካፌ የወንበር ኪራይ ሥራ ነው። የቤቱ ባለቤት በካሬ ያከራያችኋል፣ እናንተ በወንበር ታከራያላችሁ፣ ሒሳቡን በማኪያቶ ትቀበላላችሁ። አንድ ሰው ወንበሩን ስንት ሰዓት ይዞት ይቆያል? ጥያቄው ይኼ ነው። ደላላ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሁለት ቤትና አንድ መኪና ይሸጣል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ገብታችሁ፣ ዋይፋይ ጠይቃችሁ፣ ውሃ በነፃ ጠይቃችሁ፣ ሲመሽ ትወጣላችሁ። ከዚያ የራሳችሁን ካፌ ስታስቡ ልክ እንደናንተ ዓይነት ደንበኛ የሚመጣበትን ቤት ነው የምትስሉት። እናንተ ለካፌው ስንት አተረፋችሁለት?

ፒያሳ ያለውን የመጀመሪያውን ቶሞካ እዩት። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተ ቤት ነው። ሰው ቆሞ ሲጠጣበት ነው የኖረው። ይጠጣል፣ ይከፍላል፣ የተቆላ ቡና በኪሎ ገዝቶ ይወጣል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ግን ሒሳቡን ሥሩት።

የቡናውን ሒሳብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ አለ። ለአንድ ስኒ ሰባት ግራም፣ ከአንድ ኪሎ 140 ስኒ። ወረቀት ላይ ነው ይኼ። ጠዋት መፍጫው እስኪስተካከል የሚደፋው አለ። የመፍጫው ጥርስ ከደነዘዘ ባሪስታው ሳያውቀው ይጨምራል። 120 ካወጣችሁ ጎበዝ ሠራተኛ አላችሁ። ራሳችን እንቆላለን የምትሉ ደግሞ፣ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ 800 ወይም 850 ግራም ሆኖ ነው የሚወጣው። ይኼም ሁሉ ሆኖ ካፌ የሚገድለው ቡና አይደለም። ወተት ይገድለዋል። ዛሬ ይጠፋል፣ ነገ ይበላሻል፣ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ብዙ ሰው አይነካውም። የወተት ማኪያቶ ላይ የተመሠረተ ካፌ በዓመት ሁለት ወር ያህል እግሩ ይንቀጠቀጣል። የእህቴን ቤት ያቆመው ፉልና ሳንድዊቹ ነበር፤ ማሽኑ የሰው መጥሪያ ነው። ይህን የምላችሁ በማሽን የምተዳደረው እኔ ነኝ።

ስለ ንጽሕናና ስለ ፈገግታ አልነግራችሁም። ያንን እናታችሁ ነግራችኋለች።

ስለ ግብር አንድ ነገር ብቻ። በ2009 ዓ.ም ክረምት ለደረጃ ሐ፣ ማለትም ለትንሹ ነጋዴ፣ የቀን ገቢ ግምት የወጣ ጊዜ ታስታውሱት ይሆናል፤ ስንቱ ሱቅ ዘግቶ ሰነበተ። ያኔ ደንበኞቼ እየደወሉ «እንዴት በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ እባላለሁ?» ሲሉኝ፣ የዶክተሩ ደብተር ነበር ትዝ የሚለኝ። የገባውን የሚቆጥርላችሁ አታጡም። የወጣውን ራሳችሁ ካልጻፋችሁ ማንም አይጽፍላችሁም። በየቀኑ፣ ሳትተኙ በፊት ጻፉ። እዚህ ላይ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ሁሉም ነገር አለ። ችግሩ እናንተ በቅድሚያ የምታሠሩት ሎጎ ነው፤ ደብተር በሦስተኛው ወር ነው ትዝ የሚላችሁ።

ውሉን ግን አደራ። የመኖሪያ ቤት ተከራይን የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1320/2016። ስሙ እንደሚለው ለመኖሪያ ቤት ነው። ካፌያችሁን አይመለከትም። ስለዚህ ጥበቃችሁ ወረቀቱ ላይ የምታስጽፉት ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት። በየዓመቱ የሚጨመረው ኪራይ በቁጥር ይቀመጥ። የምታሠሩት ሴራሚክና ኮርኒስ ከኪራይ የሚታሰብ ከሆነ እሱም ይጻፍ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አጸድቁት። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚል አከራይ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ስድስት ዓመት ይሁን በሉት።

ማሽን ላይ አዲስ ካልሆነ አትበሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ፣ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀና ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት መቶ ካለፈ በኋላ፣ የአንድ የማሽን ጎማ (ጋስኬት) ዋጋ እንኳን እኔን ያስደነግጠኛል። ያገለገለ ግዙ፣ ቦይለሩን አስፈትታችሁ እዩ፣ የውሃ ማጣሪያ ግጠሙበት። ውሃ ሲጠፋ አጥፉት። ይህን አንዷን ብትሰሙኝ ግማሹ ሥራዬ ይቀርብኛል።

አሁን እንግዲህ አትክፈቱ የምል ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ግን እህቴ በስልክ ስናወራ «ሕይወቴ ያኔ ነበር» ትለኛለች። አልተጸጸተችም። ገንዘቧ አልቆ፣ ተባርራ፣ እንደገና ተሰዳ፣ አልተጸጸተችም። ይህን ስሰማ ምክሬ ሁሉ ይበላሽብኛል። እውነት ለመናገር እኔም ቅዳሜ ጠዋት ሞቅ ያለ ካፌ ገብቼ የእንፋሎቱን ድምፅ፣ የስኒውን ኳኳታ ስሰማ ነገውኑ እከፍት ነበር ያሰኘኛል። ሒሳብ እስኪመጣ ድረስ።

ግድ ነው ካላችሁ፣ ወርክሾፔ ካለበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለችውን ልጅ እዩልኝ። ጀበና ቡና ትሸጣለች። ማሽን የላትም፣ ወተት የላትም። መብራት ሲጠፋ የእሷ ገበያ ይደራል፤ ካፌ ገብቶ ቡና ያጣ ሁሉ ወደ እሷ ይወርዳል። በርጩማዎቿ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ላፕቶፕ ይዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጥባቸው የለም፤ ወገቡ አይችልም። ከአንድ ኪሎ ስንት ስኒ እንደሚወጣት፣ ሐሙስ ከዓርብ ስንት እንደሚለይ፣ ዝናብ ሲጥል ስንት እንደሚቀንስባት በቃሏ ትነግራችኋለች። ዘንድሮ ሌላ ሕንፃ ሥር ሁለተኛ ቦታ ከፍታ ታናሽ እህቷን አስቀምጣለች።

ይህን ሳወራ ወጣቶች ፊታችሁ ይቀየራል። ዲግሪ ይዤ ደረጃ ሥር? ትሉኛላችሁ። እሷም ዲግሪ አላት፣ በአካውንቲንግ። ስድስት ወር አጠገቧ ሥሩ፤ ከሰል አቀጣጥሉ፣ ስኒ እጠቡ። የኪራይ ውሏ የስንት ዓመት እንደሆነም ጠይቋት። እኔ ጠይቄያታለሁ፣ አምስት ነው።